ከሰው ገላ የወጣው እሳት

እ.ኤ.አ. በ1677 አንድ ምሽት ለንደን ውስጥ፣ ኬሚስቱ ሮበርት ቦይል ከእኅቱ ጋር በሚኖርበት ቤት መስኮቱ ተዘጋ፣ ሻማውም ወጣ። ዳንኤል ክራፍት የተባለ ጀርመናዊ እንግዳ ከያዘው ሰም መሳይ ነገር ቆንጥሮ ምንጣፉ ላይ በተነው። ብናኙ እንደ ከዋክብት ብልጭ ድርግም አለ። ቦይል ለውዱ ምንጣፍ ሰጋ፤ ምንጣፉ ግን አንዳች አልሆነም። ቀጥሎ ክራፍት በጣቱ ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ፊደላቱ በጨለማው ውስጥ በሩ። ከምን እንደሠራው ሲጠየቅ ግን አንዲት ፍንጭ ብቻ ጣል አድርጎ ሄደ፤ ከሰው ገላ የሚገኝ ነገር ነው አለ።

ቦይል ሽንትን ጠረጠረ። አስመጥቶ አፈላው፣ አነጠረው፤ ምንም አልበራም። ከዚያ በዓይነ ምድር ሞከረ። እሱም ከሽታው በቀር የሰጠው ነገር አልነበረም። ፍንጩ ሐሰት ይሆን?

ረዳቱ አምብሮስ ጎድፍሬይ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ወደ ሃምቡርግ ተሻግሮ ሄኒግ ብራንትን አገኘው። ብራንት በ1669 ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ሽንት ሲያነጥር ይህን ብርሃን ያገኘ፣ በኋላም ምስጢሩን ለክራፍት የሸጠ ሰው ነበር። ጎድፍሬይ የተመለሰው በአጭር መልስ ነው፤ ሽንቱ ልክ ነው፣ ያነሰው እሳቱ ነው።

እሳቱን አፋፋሙት። ማንጠሪያው ግለቱን አልቻለምና ተሰነጠቀ። ጎድፍሬይ ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንደቀረ ቆጠረው። ቦይል ግን ስብርባሪውን ሊያይ ጎንበስ ሲል፣ ከሥሩ የቀረው አተላ ፈዘዝ ብሎ ይበራ ነበር።

ፎስፈረስ የተባለው ይህ የሚበራ ነገር በእጃቸው ገባ፤ አደገኛነቱም አብሮ መጣ። ነጭ ፎስፈረስ የሚባለው ይህ ዓይነት አየር ካገኘው በ30 ዲግሪ ገደማ ሙቀት በራሱ ይነዳል፤ ስለዚህ ውኃ ውስጥ አኖሩት። በ1680 ቦይል ጫፉ ድኝ የተነከረ እንጨት በፎስፈረስ በተቀባ ወረቀት ሲያፋትግ ነበልባል ቦግ አለ። የክብሪት ሐሳብ እዚያው ተፀንሶ ነበር።

መዘዙ የታየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በክብሪት ፋብሪካዎች የነጩ ፎስፈረስ ጭስ የሠራተኞችን የመንጋጋ አጥንት አበሰበሰ። በ1845 የቪየናው አንቶን ሽሮተር ነጩን ያለ አየር አሙቆ፣ መርዝነት የሌለውን ቀይ ፎስፈረስ አገኘ። ቢሆንም አገሮች በርን ከተማ ተሰብስበው የነጩን ክብሪት ለመከልከል የተስማሙት በ1906 ነበር። ዛሬ ክብሪት የሚጫርበት የሳጥኑ ጎን የቀዩ ድርሻ ነው።