የአለቃን ደብዳቤ የሚይዝ ሰው

ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1960 ከሞንትጎመሪ ወደ ትውልድ ከተማቸው አትላንታ ሲመለሱ፣ የጽሕፈት ሥራቸውን የተረከቡት ዶራ ማክዶናልድ ነበሩ። ኪንግ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ናቸው፤ ደብዳቤው ግን በየዕለቱ ይጎርፋል። ማክዶናልድ ኪንግ እስከተገደሉበት እስከ 1968 ድረስ ደብዳቤውን እየተቀበሉ፣ አለቃቸው በሌሉበት «ደርሶናል» የሚል መልስ በራሳቸው ፊርማ ይልኩ ነበር። በአገራችንም ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትርነቱን ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሰጥተዋል።

ዛሬ ኮካ ኮላና ዴልታ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ባደረጉባት አትላንታ ይህን ኃላፊነት የሚሸከመው ኤግዚክዩቲቭ አሲስታንት፣ ማለትም የኃላፊ ረዳት፣ ነው። ደብዳቤው ኢሜይል ሆኗል፤ የሚጠይቀው ማስተዋል ግን ያው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከውክልና ነው። በጂሜይልም ሆነ በአውትሉክ ኃላፊው የይለፍ ቃሉን ሳይሰጥ ረዳቱን መወከል ይችላል። በጂሜይል ተወካዩ ያነባል፣ ይልካል፣ ያጠፋል፤ የይለፍ ቃሉን ግን መቀየር አይችልም። በኃላፊውና በረዳቱ መካከል ያለው የቃል ስምምነት ግን ከዚህ ይሰፋል፤ የትኛውን ረዳቱ ራሱ ይመልሳል? የትኛውን አርቅቆ ያቀርባል? የትኛውንስ ጭራሽ አይነካም?

ከዚያ ማጥራቱ ይከተላል። በግልባጭ ብቻ የመጣው ለብቻው ይቀመጣል፤ ሌላ ክፍል የሚመለከተው ወደዚያ ይመራል፤ የቀጠሮ ጥያቄ ካላንደር ታይቶ እዚያው ያልቃል። ለአለቃው የሚቀረው ውሳኔ የሚፈልገው ብቻ ነው። ስለ አንድ ውል 20 ኢሜይል ከተጻጻፉ፣ ጥሩ ረዳት ሁሉንም አንብቦ እንዲህ ብሎ ያቀርባል፦ «ውሉን የሕግ ክፍል አይቶታል። የቀረው ዋጋው ነው። እስከ ዓርብ መልስ ይጠብቃሉ።» አለቃው «እሺ» ወይም «አይሆንም» ማለት ብቻ ይበቃዋል። የተላከ ጥያቄም እንዲሁ አይተውም፤ መልስ ያልመጣበት ተመዝግቦ በቀኑ ይጠየቃል።

ከአዲስ አበባ ጋር ለሚሠራ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ፈተና ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ወደ አትላንታ ይበራል፤ የሰዓት ልዩነቱ ግን በአሜሪካ በጋ 7፣ በአሜሪካ ክረምት 8 ሰዓት ነው። አትላንታ በአሜሪካ በጋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባው ኢሜይል ከሁሉ አስቀድሞ ካልተመለሰ ጉዳዩ ለነገ ያድራል።

አጭበርባሪዎችም በዚሁ በር ይመጣሉ። «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ገንዘቡን አሁኑኑ በዚህ አዲስ ሒሳብ ቁጥር አስገባ» የሚል ኢሜይል በአለቃው ስም ይደርሳል። መድኃኒቱ ለኢሜይሉ መልስ መስጠት ሳይሆን፣ ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

ወደዚህ ሥራ የምትገቡ ወገኖቼ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከሚመጡት ይልቅ የተላኩትን ኢሜይሎች አንብቡ። አለቃችሁ ለማን ዘርዘር አድርጎ እንደሚጽፍ፣ ለማን አሳጥሮ እንደሚመልስ፣ ማንን ሳያስጠብቅ እንደሚያስተናግድ እዚያ ታገኙታላችሁ። በሰው ስም የሚጽፍ ሰው የዚያን ሰው ክብር ይዟል፤ ሙያውም መከበር ያለበት ስለዚህ ነው።