አዲስ ካይት ውኃ ላይ የሚፈተነው እንዴት ነው?

በስፔን ደቡባዊ ጫፍ የምትገኘው ታሪፋ አውሮፓና አፍሪካ እጅግ የሚቀራረቡባት ከተማ ናት። ሁለቱን አህጉራት የሚለየው የጅብራልታር ሰርጥ በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከሰርጡ ግራና ቀኝ ተራሮች ስለቆሙ ነፋሱ በጠባብ በር እንደሚገባ ሁሉ እዚህ ሲደርስ ይፈጥናል። በዚህም ምክንያት ከተማዋ የካይት ሰርፊንግ ስፖርተኞች መናኸሪያ፣ አዳዲስ ካይቶችም ከሚሞከሩባቸው ቦታዎች አንዷ ሆናለች።

ካይት ሰርፊንግ በነፋስ ጉልበት እየተጎተቱ በውኃ ላይ የመንሸራተት ስፖርት ነው። ስፖርተኛው በእግሩ ሰሌዳ ረግጦ፣ በወገቡ በታጠቀው ሰፊ መታጠቂያ አማካኝነት ከ20 እስከ 24 ሜትር በሚረዝሙ ገመዶች ከካይቱ ጋር ይያያዛል። ካይቱ ልጆች ከወረቀት ሠርተው ከሚያበሩት ጋር በስም ይመሳሰል እንጂ በጉልበት አይገናኝም። ስፋቱ 9 ወይም 12 ካሬ ሜትር የሚደርስ ጠንካራ ጨርቅ ሲሆን፣ የፊት ጠርዙ እንደ መኪና ጎማ ከመነዳሪ አየር የሚሞላ ቱቦ ነው። ቱቦው የካይቱን ቅርጽ ይይዛል፤ ውኃ ላይ ሲወድቅም እንዳይሰጥም ያደርገዋል። ይህን ሐሳብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 በፈጠራ መብት ያስመዘገቡት ብሩኖና ዶሚኒክ ሌጌኙ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ለገበያ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ካይቶች መጎተትን እንጂ መተውን አያውቁም ነበር። ድንገተኛ ወጀብ ሲነሣ ስፖርተኛውን ከውኃ አንሥተው ወደ ድንጋይ፣ ወደ አጥር ወይም ወደ ሕንፃ ይወረውሩት ነበር፤ በዚህም ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። ምክንያቱ በስሌት ሲታይ ግልጽ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ይነፍስ የነበረ ነፋስ ወደ 40 ቢያድግ፣ ለሚያየው ሰው ትንሽ የበረታ ብቻ ይመስለዋል፤ በገመዱ ጫፍ ያለው ሰው ግን የሚጎትተው ኃይል በእጥፍ ጨምሮበታል። ስለዚህ የአዲስ ካይት ፈተና ዋና ጥያቄ ምን ያህል በኃይል ይጎትታል የሚለው አይደለም። ጉልበት ማግኘት ቀላል ነው፤ ጨርቁን ማስፋት ብቻ ይበቃል። አስቸጋሪው ጉዳይ ተው ሲባል መተው መቻሉ ነው።

የመተው ጥበብ የተመሠረተው በማዘንበል ላይ ነው። ገበሬ እርፉን ጫን ሲያደርግ ማረሻው ጠልቆ ይገባል፣ ሲያቀልለት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። የካይት መቆጣጠሪያ ዘንግም ከዚህ የራቀ አይደለም። ስፖርተኛው ዘንጉን ወደ ራሱ ሲስብ ካይቱ ለነፋሱ ሰፋ ያለ ገጽ ስለሚሰጥ ጉልበት ይጨምራል፤ ሲገፋው ደግሞ ጠርዙን ለነፋሱ አዙሮ ይቀልላል። በቀድሞዎቹ ካይቶች ይህ ለውጥ እጅግ ጥቂት ነበር። በ2005 አካባቢ ወንድማማቾቹ የነደፉት እንደ ቀስት ለጠጥ ያለ ቅርጽ ገበያ ላይ ሲውል ግን፣ ዘንጉን በመግፋት ብቻ አብዛኛውን ጉልበት ማጥፋት ተቻለ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ካይቶች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚመዘኑት በዚህ መለኪያ ነው።

ፈተናው የሚጀምረው በየብስ ላይ ነው። ቱቦው ከመኪና ጎማ አንድ አራተኛ ገደማ በሆነ ግፊት ይሞላል። አየሩ ካነሰ ካይቱ በነፋስ ውስጥ ስለሚጎብጥ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ውጤት ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። ቀጥሎ የነፋሱ ፍጥነት በመለኪያ መሣሪያ ይታያል። አዲሱ ካይት ለብቻው ቢሞከር ግን ብዙም አይታወቅበትም፤ ነፋስ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣልና። ስለዚህ ያው ሰው፣ በዚያው ሰሌዳ፣ በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ አዲሱንና የቀድሞውን እኩል መጠን ያላቸውን ካይቶች እያፈራረቀ ይሞክራል። በየትኛው ዝቅተኛ ነፋስ መንሸራተት እንደሚጀምር፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ምን ያህል ሊያስጠጋው እንደሚችልና በምን ፍጥነት እንደሚታጠፍ ይመዘግባል። ነፋሱ ወደሚመጣበት መጠጋት የማያስችል ካይት ሰውን ከተነሣበት ዳርቻ አርቆ የሚያስቀር በመሆኑ ይህ ነጥብ ቀላል ተደርጎ አይታይም።

ታሪፋ ተፈላጊ የሆነችው ሁለት ዓይነት ነፋስ ስላላት ነው። ከምዕራብ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚመጣው ፖኒየንቴ በሰፊ ውኃ ላይ አቋርጦ ስለሚደርስ በአብዛኛው የተስተካከለ ነው። ከምሥራቅ በሰርጡ ተጨምቆ የሚወጣው ሌቫንቴ ግን ብርቱና ቁጡ ነው። በአውድማ ላይ በመንሽ እህል የሚያዘራ ገበሬ ልዩነቱን ያውቀዋል፦ አንዱ ነፋስ ገለባውን ከፍሬው ይለያል፣ ሌላው ሁለቱንም ይበትናል። በተስተካከለ ነፋስ መልካም የሚመስል ካይት ወጀብ ባለበት ሲበር ባሕርይው ይገለጣል። ነፋሱ በድንገት ሲያርፍ ወደ ኋላ የሚወድቅ፣ ተመልሶ ሲመጣ የሚያናጥብ ከሆነ፣ ነዳፊዎቹ የገመዱን ማያያዣ ወይም የጠርዙን ቅርጽ ያስተካክላሉ። ከዚያም እንደገና ወደ ውኃው ይገባል።

ስለ ከፍታ ዝላይ ብዙ ይነገራል፤ በተለይ በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ብርቱ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ አካል ሆኖ በማርሴይ ውኃ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የኦሎምፒክ የካይት ውድድርም እንግሊዛዊቷ ኤሊ አልድሪጅና ኦስትሪያዊው ቫለንቲን ቦንተስ ወርቅ አግኝተዋል። ለተራው ገዢ ግን ከዝላዩም ከፍጥነቱም የሚበልጡ ሁለት ፈተናዎች አሉ።

አንደኛው መነሣት ነው። ሞካሪው ካይቱን ሆን ብሎ ውኃ ላይ ይጥለዋል፤ ከዚያም ከኋላ ገመዶች አንዱን ስቦ ወደ ነፋሱ ዳር እንዲንከባለልና እንዲነሣ ያደርገዋል። በቀላል ነፋስ የማይነሣ ካይት ጀማሪን በጥልቅ ውኃ መካከል ያስቀራል።

ሁለተኛው መልቀቂያው ነው። በስፖርተኛው ሆድ አጠገብ፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ ቀለም ያለው የአደጋ ጊዜ መልቀቂያ ይገኛል። ሲገፋ ዘንጉ ይርቃል፣ ካይቱም በአንድ ገመድ ብቻ ተንጠልጥሎ እንደ ጨርቅ ይውለበለባል። ይህ ካልበቃ ሁለተኛ መልቀቂያ የመጨረሻውን ገመድ ያስወግዳል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2020 ለዚህ ክፍል የደኅንነት መስፈርትና የመፈተኛ ዘዴ አውጥቷል። ሙሉ ጉልበት እየጎተተ ሳለ መከፈቱ፣ በተጨማሪም ለቅዝቃዜ በደነዘዘ እጅ መገፋቱ ውኃ ላይ ይሞከራል። ሰው በእርጋታ ቆሞ የሚከፍተው መልቀቂያ በጭንቅ ጊዜ ካልተከፈተ ዋጋ የለውም።

ፈተናው ሲያበቃ አምራቹ ለየትኛው የሰውነት ክብደት፣ በየትኛው የነፋስ ፍጥነት፣ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚስማማ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣል። ሠንጠረዡ በአብዛኛው በባሕር ዳርቻ ለሚጋልብ ሰው የተሰላ በመሆኑ ተራራ ላይ ሲወጣ ይዛነፋል። በስዊዘርላንድ የሚገኘው የሲልቫፕላና ሐይቅ፣ ፀሐይ ሸለቆውን ስታሞቅ ከሰዓት በኋላ በሚነሣው የማሎያ ነፋስ የታወቀ የካይት ሰርፊንግ ስፍራ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 790 ሜትር ገደማ ሲሆን ከጣና ሐይቅ ጋር እኩል ሊባል ይችላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 ከመቶ ገደማ ይሳሳል፤ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስም ካይቱን በዚያው ልክ በቀነሰ ጉልበት ይስበዋል። በሲልቫፕላና የሚጋልብ ሰው ሠንጠረዡ 10 ካሬ ሜትር ቢለውም 12ቱን ሊያነሣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።