የጨዋታ ሕግ ሲጋጭ፦ ተረትና እውነታ

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመደብለት ከመላው አገሪቱ ነው። ገበጣ ከበው የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ሕግ ይዘው ቢመጡ አይደንቅም። «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም!» የሚለውን ሙግት የሚያባብሱት ግን ጥቂት የተለመዱ እምነቶች ናቸው።

ተረት፦ የገበጣ ትክክለኛ ሕግ አንድ ነው፤ ሌላው ማጭበርበር ነው።
እውነታ፦ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከ100 በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍም አለ፤ የጠጠሩ ብዛትና የመብያው ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጠብ የሚመጣው የትኛውን እንደሚጫወቱ ሳይነጋገሩ ሲጀምሩ ነው።

ተረት፦ ተራ ሳይጠብቁ መጫወት የትም ቢሆን ጥፋት ነው።
እውነታ፦ የአገራችን ሰንጠረዥ የሚከፈተው በ«ወረራ» ነበር። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም የባላንጣቸውን አሰላለፍ እያዩ፣ ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፉ ነበር። ተራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር። የቼዝ ሕግ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢያይ «ተጭበረበርኩ!» ይል ነበር።

ተረት፦ ሁለት ሕግ ከተጋጨ የጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ተሳስቷል።
እውነታ፦ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በድግምት የተሞላ የሚና ጨዋታ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. እትሙ «ማጂክ ሚሳይል» የተባለው ድግምት ዒላማውን አይስትም፤ «ሺልድ» የተባለው ደግሞ የማጂክ ሚሳይልን ጉዳት ይመክታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ልዩ ሕግ ከጠቅላላው ሕግ ይቀድማልና። የሕግ ባለሙያም ችሎት ፊት የሚያነሳው ይህንኑ መርህ ነው።

ተረት፦ አንድ ድግምት ሁለቴ ቢደገም ኃይሉ እጥፍ ይሆናል።
እውነታ፦ በዚሁ ጨዋታ «ብሌስ» በተባለው ድግምት የተባረከ ተዋጊ ሲያጠቃ ባለ አራት ገጽ ዳይስ ይጨመርለታል። ሁለት ካህናት ቢባርኩትም የሚጨመርለት ያው አንድ ነው። የሚደመሩት ስማቸው የተለያየ ድግምቶች ናቸው።

ተረት፦ የሚና ጨዋታን የሚመራው ሰው እንዳሻው ይፈርዳል።
እውነታ፦ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ግን ዛሬ ለአንዱ የፈቀደውን ነገ ለሌላው ከከለከለ ማንም አያምነውም። ሶንጎ በተባለው የጌዴኦ ባህላዊ ሸንጎ ሽማግሌዎች ግራ ቀኙን ሳይሰሙ አይወስኑም፤ ጥሩ መሪም ሁለቱን ወገን ሰምቶ በቶሎ ይወስንና ጨዋታውን ያስቀጥላል። ቅሬታ ያለው ጨዋታው ሲያልቅ ያነሳል፤ የተስማሙበትም ለሚቀጥለው ጊዜ ሕግ ይሆናል።