ዲስኩ ደህና ነበር

አንድ የአሶሳ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ዲስካቸው የሞተ አሮጌ ኮምፒውተሮች ከፍላሽ እየተነሡ ይሠሩ ነበር። አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ለሁሉም ዲስክ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። ሰርቨሩ ላይ ግን ሰፊ ዲስክ ነበር። መምህሩ ከእሱ አንድ ፓርቲሽን ቆርሰው በኤንቢዲ ወደ ኔትወርኩ ለቀቁት።

ኤንቢዲን ፓቬል ማቼክ በ1997 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ጻፈው። ሰርቨር ላይ ያለን ዲስክ ለኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ አስመስሎ ያቀርብለታል።

የመጀመሪያው ኮምፒውተር ያለ እንከን ሠራ። የትምህርት ፋይሎቹን እንዲጋሩ ሁለተኛውም ከዚያው ፓርቲሽን ጋር ተገናኘ። ከዚያ በኋላ አንዱ ላይ የተቀመጠው ፋይል ሌላው ላይ አይታይም። ይባስ ብሎ አንዱ ፋይል ሲከፈት የሌላው ይዘት ይወጣ ጀመር።

መጀመሪያ የተጠረጠረው መብራት ነው፤ ሰርቨሩ ግን ዩፒኤስ ስላለው አልጠፋም። ኬብል ተቀየረ፤ ያው ነው። ዲስኩ ተመረመረ፤ ደህና ነው።

ፓርቲሽኑ እንደገና ፎርማት ተደርጎ አንዱ ኮምፒውተር ብቻ ሲጽፍበት አደረ። ጠዋት ሁሉም በቦታው ተገኘ። ሁለቱም ተገናኝተው ማንበብ ብቻ ሲፈቀድላቸውም ምንም አልተበላሸም።

“ታዲያ ሲደራረቡ ሰርቨሩ ዝም ብሎ ያያል፣ መምህር?” አለ ቴክኒሻኑ።

“ምኑን ይይ? ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም እኮ!”

ምስጢሩ ይኸው ነበር። ወደ ሰርቨሩ የሚደርሰው “ከዚህ ቦታ ጀምረህ ይህን ያህል ባይት አንብብ” ወይም “ጻፍ” የሚል ትእዛዝ ነው። የፋይሉን ስምና ባዶውን ብሎክ የሚያውቀው ኤክስትፎር የተባለው ፋይል ሲስተም ያለው ተበዳሪው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የባዶ ቦታውን ካርታ ራም ውስጥ ይዞ፣ ሌላ ጸሐፊ ይኖራል ብሎ ሳይጠረጥር ይጽፋል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሳይነጋገሩ አንዱን ቦታ ለሁለት ሰው የሚመሩ የመሬት ሠራተኞች ሆነው ነበር።

ይህን የኤንቢዲ ጉድለት ነው አልልም። ስለ ፋይል ባለማወቁ ማንኛውንም ፋይል ሲስተም ብቻ ሳይሆን ስዋፕንም ይሸከማል።

ዲስክን በሚከፋፍለው ኤልቪኤም ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ቮልዩም ተቆረሰለት። የጋራ ፋይሎቹ ፋይልን በኔትወርክ ወደሚያጋራው ኤንኤፍኤስ ተዛወሩ፤ እዚያ ፋይል ሲስተሙን የሚይዘው ራሱ ሰርቨሩ ስለሆነ ካርታው አንድ ብቻ ነው።