ያረጀ የናፍጣ ሚኒባስ ዕድሜው እንዴት ይረዝማል?



ስለ መኪና ሲነገር የብዙዎቻችን አሳብ የሚሮጠው ወደ አዲሱ ነው። እኔ ግን ልገልጽላችሁ የፈለግሁት ብዙ ዓመት ስለ ሠራውና ገና ብዙ ዓመት ሊሠራ ስለሚገባው፣ ሕዝቡ «ዶልፊን» ብሎ ስለ ሰየመው የቶዮታ ሃይኤስ የናፍጣ ሚኒባስ ነው። አባቴ በዚሁ መኪና ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ መንገደኛ ያመላልሳሉ፤ የቤታችን ቀለብም ሆነ የእኔና የእኅቶቼ የትምህርት ወጪ የሚገኘው ከርሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ «ሲያረጅ በሌላ እንለውጠዋለን» ማለት ከባድ ሆኖብናል። ስለዚህ ያለውን ማቆየት ግዴታችን ነው። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለውን መኪና ከዕድሜው ይልቅ የሚገድሉት ውሃና አቧራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙቀት ናቸው።

በመጀመሪያ የሞተሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ይህ ካንዴላ የለውም፤ ፒስተኑ አየሩን እጅግ አምቆ ሲያግለው በኖዝሉ በኩል የተረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ለምሳሌ በዶልፊን ላይ ከሚገጠሙት አንዱ፣ «ፋይቭ ኤል» የሚባለው ባለ 4 ሲሊንደርና ባለ 2,986 ሲሲ ሞተር፣ አየሩን ከ22 እጅ በላይ ያምቀዋል። አካሉ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ የተሠራው ይህን ግፊት እንዲችል ነውና ከተጠበቀ ብዙ ይኖራል።

ናፍጣውን ወደ ኖዝሉ የሚገፋው ፖምፓ ውስጡ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት በናፍጣው ራሱ ነው። ስለዚህ ከናፍጣው ጋር ውሃ የገባ እንደ ሆነ ፖምፓውም ኖዝሉም ይዝጋሉ። «ውሃው ከየት ይመጣል?» የሚል ቢኖር፣ መኪናው ነዳጁ ጎድሎ ሲያድር በነዳጅ መያዣው ውስጥ ያለው እርጥብ አየር በሌሊቱ ብርድ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል፤ ውሃም ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይቀራል። አባቴ ናፍጣ በተገኘ ጊዜ ማታ ሞልተው የሚያሳድሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከፊልትሮው ግርጌ ያለችውን ማፍሰሻ በየሳምንቱ ከፍቼ በብርጭቆ የምቀበል እኔ ነኝ፤ ውሃ ካለ ከብርጭቆው ሥር ለብቻው ተለይቶ ይታያል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በዚህ ላይ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከተደፈነበት ናፍጣውን ጨርሶ ማቃጠል ያቅተውና ጥቁር ጭስ ያወጣል። ፊልትሮው ተቀዶ ከሆነ የባሰ ነው፤ አቧራው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። ጭስ እንደ ጽሑፍ ይነበባል። ሰማያዊው ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ነጩ በብርድ ጧት ጥቂት ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበላሽቶ ይሆናል። የዘይት መጥቆር ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ያስፈራዋል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥላሸቱን ስለሚሸከም በተለወጠ በጥቂት ቀን ይጠቁራል፤ እኛ ቀለሙን ትተን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እንለውጠዋለን።

አሁን ስለ ሙቀት ልናገር። በከተማችን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ በመያዝ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል፤ ስለዚህ ጎማው ያረጀ ክዳን፣ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም፣ ሞተር ሊያሳጣ ይችላል። አንዳንድ መካኒኮች ሞተር በጋለ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። እኔ ይህን አልደግፍም። ቴርሞስታት ሞተሩ በቶሎ እንዲሞቅ ውሃውን የሚያግድ በር ነው፤ እርሱ ከወጣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ናፍጣ ያባክናል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። የመጋሉ እውነተኛ ምክንያት፣ ምናልባትም በቧንቧ ውሃ ዝቃጭ የተደፈነ ራዲያተር፣ እንዳለ ይቀራል። ከተራ ውሃ ይልቅ ዝገት የሚከላከል ኩላንት መጨመር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው በዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና መልሶ ይወጣል። በዳገቱ የሚግለው ሞተሩ ነው፤ በቁልቁለቱ ግን ፍሬኑ ነው፤ ይህም የሰው ሕይወት ነገር ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይጠጣል፤ ያረጀው ዘይት በጋለ ፍሬን ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥርና የፍሬኑ ፔዳል ያለ ኃይል ወደ ታች ይሰጥማል። አባቴ ቁልቁለቱን ገና ሳይጀምሩ ማርሽ ቀንሰው ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ከኋላ ያለ ተሳፋሪ «ሹፌር፣ ምነው ተንቀራፈፍህ?» ቢላቸውም መልስ አይሰጡም። የፍሬን ዘይቱንም በየ2 ዓመቱ ያስለውጣሉ።

የታይሚንግ ቺንጊያ የሚለወጠው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ስለሚጋጩ ሞተሩ ይፈርሳል። በሰፈራችን አንድ ባለ መኪና ለዚሁ ቺንጊያ ሣሥተው ሦስት ወር ሥራ ፈትተዋል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ቆጣሪውን ሳያምን ወዲያው ቢለውጠው ይበጀዋል።

ከመፍቻና ከካቻቢት ሌላ አንድ ደብተር አለን። አባቴ ይናገራሉ፣ እኔ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተጨመረውን ዘይትና ውሃ እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት በተከታታይ ሳምንታት ግማሽ ግማሽ ሊትር ውሃ መጨመራችን ከደብተሩ ታየ። ከመኪናው ሥር ጠብታ አልነበረም፤ የሚወጣው ውሃ በሞተሩ ሙቀት ይተን ነበርና። መካኒኩ መርምረው የውሃ ፖምፓው ከኩሽኔታው አጠገብ እንደሚያፈስ አገኙ። ፖምፓው በአንድ ቀን ተለወጠ፤ በማግሥቱም አባቴ መንገደኞቻቸውን ይዘው ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዱ።