የሚራመደው ሥዕልና የአያት ጣት

ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው አገራችን ሕፃን ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ ሥዕል ማንበብ ይለምዳል። በክብ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ታሪኩ በተርታ ተሥሏልና፥ አያቱ እጁን ይዛ እየዞረች፥ በጣቷም እያመለከተች፥ «ይህ እገሌ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ ሆነ» ትለዋለች። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይመለከታል፤ ከሐዲው ግን ጐኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ስለዚህ ሕፃኑ ጽሕፈቱን ባያውቅም ክፉውን ከደጉ ይለያል።

ይኸው ልማድ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ለገበያም ውሏል። በ20ኛው መቶ ዓመት የአዲስ አበባ ሠዓልያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ከፋፍለው በአንድ ሸራ ላይ ሲሥሉ፥ ነገሩንም በጽሕፈት ሲያስረዱ ኖረዋል። ዛሬ ኮሚክ ከሚባለው የሥዕል ታሪክ በምን ይለያል?

የቀረው ሥዕሉን ማንቀሳቀስ ነበር። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ብንጽፍ፥ ኤሚል ሬኖ የተባለው ፈረንሳዊ በ1892 በፓሪስ በእጅ የተሣሉ ሥዕሎችን በብርሃን እያንቀሳቀሰ ለሕዝብ አሳየ። የአገሩ ልጅ ኤሚል ኮል በ1908 በ700 ያህል ሥዕሎች አጭር ፊልም ሠራ። የአሜሪካው ዋልት ዲስኒ በ1928 ለአይጡ ሚኪ ድምፅ አስማማለት። በ1966 ደግሞ የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን የእንቍራሪቶችን ፕሬዚዳንት ጕዞ በሥዕል ፊልም አሳየ። በ1995 ቶይ ስቶሪ የተባለው ረጅም ፊልም ፈጽሞ በኮምፒዩተር ተሠራ።

ምሥጢሩ ይህ ነው። ዓይናችን ፈጥነው የሚከታተሉትን ሥዕሎች ለያይቶ ማየት ስለማይችል፥ በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕሎች ሲያልፉ መንቀሳቀስ ይመስለዋል። እንግዲህ ለአንድ ደቂቃ 1,440 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው፤ ብልኀተኞች ግን አንዱን ሁለት ጊዜ እያነሡ ድካሙን በ720 ያቃልሉታል። (ቍም ጸሐፊ ብራና ላይ የሚያፈሰውን ትዕግሥት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም።)

ነገር ግን በሴኮንድ 24 ጊዜ የሚሮጥ ሥዕል የአያትን ጣት አይጠብቅም። ቃሉም በባዕድ ቋንቋ ሲሆን ሕፃኑ ጥንቸሉ ሲወድቅ ይሥቃል፤ ለምን እንደ ወደቀ ግን አይጠይቅም። አያቱም አጠገቡ ተቀምጣ ዝም ትላለች፤ እርሷም አልሰማችምና። እኛ የምንፈራው ይህን ዝምታ ነው እንጂ ሥዕሉን አይደለም።

ይህን ጕድለት ከተመለከቱት አንዷ በአዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ናቸው። ከባለቤታቸው ከሼን ኢትዘንሃውዘር ጋራ በ2006 «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት ዝግጅት በአማርኛ ጀመሩ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ መጀመሪያ የተሠራችውም ከካልሲ ነበር! ከካልሲ የተሠራችው አሻንጕሊት በ2008 በጃፓን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች። በኋላም ከዚያው ድርጅት «ጥበብ ገርልስ» የተባለ የሥዕል ፊልም ወጣ፤ በእርሱ ሦስት ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ይህን የመሰለውን ጐጂ ልማድ ይታገላሉ። ይህ ለጎጃም እናትና አባት የሩቅ ወሬ አይደለም። የአንዲት ሕፃን ነገር በሽማግሌ በሚቈረጥበት ቤት፥ ልጅቱና አያቷ አንድ ታሪክ በአንድ ቋንቋ አብረው ሰምተው ቢነጋገሩበት፥ ከብዙ ምክር ይልቅ ይሠራል ብለን እናምናለን።

ቴሌቪዥን የሌለው ቤተ ሰብም ከዚህ ጥበብ አይለይም። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ይበቃል። በየቅጠሉ ጠርዝ ላይ ክንፏን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ወፍ ይሥላሉ፤ ከዚያም ጠርዙን በአውራ ጣት እየለቀቁ ያሳልፉታል። መሣሉን ከመጨረሻው ቅጠል መጀመር ይሻላል፤ ወረቀቱ ሳሳ ያለ ከሆነ ከሥር ያለችው ወፍ ስለምትታይ፥ አዲሲቱን ከእርሷ በጥቂቱ ብቻ ማራቅ ይቀልላል።