ፎካካሪው የቆሻሻ ቅርጫት የሆነበት ገበያ

በለንደን አክሲዮን ገበያ የ100 ታላላቅ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ ባንኮች፣ የነዳጅና የማዕድን ድርጅቶች ተሰልፈዋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ከእነርሱ ጎን የተሰለፈው ጌምስ ወርክሾፕ ግን የሚሸጠው፣ አብዛኞቹ ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ የፕላስቲክ ወታደሮችን ነው።

ዋና መሥሪያ ቤቱ በእንግሊዝ ኖቲንግሃም ከተማ የሚገኘው ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ተቋቁሞ በ1994 ወደ አክሲዮን ገበያ ገባ። እስከ ጁን 2025 መጀመሪያ በነበረው የሂሳብ ዓመት ገቢው ከ600 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከታክስ በፊት ትርፉ ደግሞ ከ260 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው «ዋርሃመር 40,000» በተባለ የጠረጴዛ ላይ የጠፈር ጦርነት ጨዋታ ነው።

ወታደሮቹ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አይዋጉም። የሚከለሉበት የፈረሰ ግድግዳ ወይም የሚወጡበት ማማ ከሌለ፣ ከሩቅ የሚተኩስ መሣሪያ የያዘው ወገን ገና በመጀመሪያው ዙር ጨዋታውን ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ከወታደር ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዕቃ መልክዓ ምድሩ ነው። ነጋዴው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው፤ ደንበኛው ከቤቱ ቆሻሻ ይሠራዋላ!

ልማዱን ያስፋፋው ደግሞ ኩባንያው ራሱ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኅትመቶቹ ያለቀ የዲኦዶራንት ዕቃ እንዴት ተንሳፋፊ ታንክ እንደሚሆን ያሳዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996ም ሙያውን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሟል። የፈራረሱ ከተሞች ሕንፃዎችን በፕላስቲክ አምርቶ በሰፊው መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ ነው።

ለመሆኑ ሥራው እንዴት ነው? ተመራጩ ጥሬ ዕቃ ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒዩተር የሚታሸግበት ነጭ ፎም ነው። ዕቃው የተቀመጠባቸው ጉድጓዶችና ጠርዞች ሲገለበጡ ፋብሪካ ወይም ምሽግ ይመስላሉ። የሶፍት ጥቅል መሃል ያለው ካርቶን የጋዝ ማጠራቀሚያ፣ የመጠጥ መምጠጫ ቀጭን ቧንቧ ይሆናል። መጠኑን ለዓይን የሚያሳምነው በሩ ነው። ምስሎቹ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆኑ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል በር ከተለጠፈበት ማንኛውም ቆርቆሮ ሕንፃ ነው።

ሁሉም በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ኮላና አሸዋ ይቀባል፤ ሲደርቅ በግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ይጠቁራል። ከዚያ ብሩሹ ግራጫ ቀለም ተነክሮ በጨርቅ ይጠረግና፣ ሊደርቅ ሲል ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይዳስሳል። ጀማሪ የሚከስረው ሰዓት ለመቆጠብ የሚነፋ ቀለም ሲጠቀም ነው። በቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ያልተሸፈነውን ፎም እንደ አሲድ በልቶ የሁለት ቀን ሥራ ያበላሻል።

የሚገርመው፣ ተጥሎ የተገኘው ፎምና በውድ የሚሸጠው የፕላስቲክ ወታደር ሁለቱም ፖሊስቲሪን ናቸው። አንደኛው በአየር ተነፍቶ ዕቃ ይጠብቃል፤ ሌላው በብረት ሞልድ ተጨምቆ የባለአክሲዮን ትርፍ ያስገኛል።

ታዲያ ኩባንያው በዚህ ይጎዳል? ብዙም አይመስልም። በግድግዳ ላይ የቆጠበ ተጫዋች የቆጠበውን ለወታደር ያውለዋል፤ ጠረጴዛው ያማረለት ደግሞ ጓደኛውን ጠርቶ ሌላ ገዢ ያመጣል። ባለሀብቶች ሊከታተሉት የሚገባው ሌላውን የቤት ውስጥ ሥራ፣ ማለትም የሦስት ገጽታ ማተሚያውን ነው። የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ የሚሠራው ዓይነት ሕንፃ ሲያወጣ የፎምና የካርቶንን ሥራ ከመተካት ብዙም አያልፍም። በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ የሚሠራው ግን የወታደሩን ፊትና የጦር ልብሱን ዝርዝር ሳይቀር ያወጣል።